ብቻውን ለሚጫወት ክራር መቺ ሉፕ ፔዳል ያዋጣል ወይ? የጅማ ክር

በጅማ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተከፈተው የዚህ ክር (የጥያቄና መልስ ሰንሰለት) መነሻ ጽሑፍ ጥያቄ ቢመስልም ውስጡ ድምዳሜ ነበረበት። ጠያቂው ሄርማታ አካባቢ ማታ ማታ ክራር እየመታ የሚዘፍን ነው። ለከበሮ መቺና ለኦርጋን ተጫዋች የሚተርፍ ክፍያ ስለማይገኝ፣ አንድ ሉፕ ፔዳል (ሉፐርም ይባላል፤ በእግር ሲረገጥ የተመታውን ቀድቶ በዙር ደጋግሞ የሚያጫውት ሣጥን) ቢገዛ የሁለቱንም ሥራ እንደሚሸፍንለት አምኖ ነው የመጣው። ያለውን ዕቃ ዘርዝሯል፦ ሆዱ ላይ ፒዬዞ ፒካፕ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል የሚቀይር ዲስክ) የተለጠፈበት ባለ ስድስት ክር ክራር፣ አንድ ሹር ኤስኤም 58 ማይክ፣ የቤቱ አነስተኛ ሚክሰርና ሁለት ስፒከር። የትኛውን እንደሚገዛ፣ እንዴት እንደሚያያይዘውና መብራት ሲሄድ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ፈልጓል። 24 መልስ ተሰጥቶታል። ጥሩ ጥሩው ግን ስለ ግዢ ከተጻፈው ውስጥ አይደለም።

1ኛው መልስ ሰጪ ጨዋ ሰው ነው፤ ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ምክር ከመስጠቱ በፊት ድምፁንም ሉፕ ሊያደርግ ያስብ እንደሆነ ወይም ክራሩን ብቻ እንደሆነ ጠየቀው። ቀላል ጥያቄ ይመስላል እንጂ ግዢውን የሚወስነው እሱ ነው። የጊታር ፔዳል መግቢያ ለማይክ አልተሠራም፤ ኤስኤም 58 በቀጥታ ቢሰካበት የሚገባው ሲግናል ደካማ ነው፣ ከፍ ለማድረግ ሲሞከር ደግሞ ሽሽታው አብሮ ይጮኻል። 2ኛው ይህን ያነበበው አይመስልም፤ አምስት ትራክና የማይክ መግቢያ ስላለው ቦስ አርሲ-505ን እንዲገዛ መከረ። 3ኛው አረመው። 505 ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በእጅ የሚነካ ዕቃ ነው፤ በአፋቸው ምት ለሚሠሩ ይመቻል፣ ሁለት እጁ ክራር ላይ ለተያዘ ሰው ግን ተጨማሪ የእግር ስዊች ካልተገዛለት ጌጥ ሆኖ ይቀራል። እሱ ያቀረባቸው ሦስት ናቸው፦ አንድ ስዊችና አንድ ማዞሪያ ብቻ ያለው ቲሲ ኤሌክትሮኒክ ዲቶ፣ 5 ደቂቃ የሚይዝ፤ ሰፊ መርገጫ ያለው ቦስ አርሲ-1፣ 12 ደቂቃ የሚይዝ፤ 99 ማስቀመጫ፣ የራሱ ሪትሞችና ሚዲ (የሙዚቃ መሣሪያዎች ሰዓታቸውን የሚያመሳስሉበት መስመር) ያለው ቦስ አርሲ-5። ለጀማሪ አርሲ-1ን መረጠ፤ በክብ የሚዞረው መብራቱ ሉፑ የት እንደደረሰ ስለሚያሳይ።

ለእኔ የክሩ እምብርት 4ኛው መልስ ነው። ፔዳሉ ምንም ይሁን ምን፣ የሉፑን ርዝመት የሚወስነው ሁለተኛው ርግጫ እንደሆነ አስረዳ። አብዛኛው ጀማሪ የመጨረሻውን ምት መትቶ እንደጨረሰ ይረግጣል። ያኔ ሉፑ ምት ጎድሎት ይዘጋል፣ በዞረ ቁጥርም ያነክሳል። መረገጥ ያለበት የሚቀጥለው ዙር «አንድ» ሲባል ነው፤ እጅ የአዲሱን ዙር የመጀመሪያ ምት በሚመታበት ቅጽበት ማለት ነው። ለችክችካ አካሄዱን እንዲህ አስቀመጠው፦ መጀመሪያ ምንም ሳይቀዱ ሁለት ሜዠር (አንዱ ሜዠር ስድስት የሚቆጠርበት የምት ክፍል ነው) በግርፍ መምታት፣ ስድስቱን እየቆጠሩ፤ በሦስተኛው ሜዠር «አንድ» ላይ መርገጥ፤ አራት ሜዠር መምታት፤ መቅዳት ከተጀመረበት ሲቆጠር በአምስተኛው ሜዠር «አንድ» ላይ እንደገና መርገጥ፣ እጅ ግን ሳይቆም እስከ ስድስተኛው ሜዠር እንዲቀጥል። እጁን ለማቆም ያሰበ ሰው እግሩን ያዘገያል፤ ዋናው የስህተት ምንጭ ይኸው ነው ባይ ነው።

ስለ አቀማመጥም ጨመረበት። በጅማ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ የሚጫወት ሰው ጉልበቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ፔዳል ለመርገጥ እግሩን ሙሉ በሙሉ አንስቶ ይጥላል፣ በዚያ መሀል ጊዜው ያልፋል። ከፍ ያለ ወንበር መያዝ፣ ተረከዝን መሬት ላይ ተክሎ በጣቶች ብቻ መጫን፣ ፔዳሉ በሴራሚክ ወለል ላይ እንዳይንሸራተት ከሥሩ የጎማ ምንጣፍ ቁራጭ ማድረግ። በሁለት ፈጣን ርግጫ የሚቆሙ ፔዳሎች ላይ ደግሞ የሚያቆመው ሁለተኛው ርግጫ ነው፤ ስለዚህ «አንድ» ላይ ማረፍ ያለበት ሁለተኛው ነው፣ የመጀመሪያው ትንሽ ቀድሞ ይረገጣል። ዘፈኑን ሲጨርስ አንድ ምት ተርፎ የሚወጣበት ሰው ሁሉ ችግሩ ይህ ነው።

5ኛው ይህን ሁሉ ልምምድ አላስፈላጊ አደረገው፤ ርግጫውን ራሱ ወደ ምቱ የሚያስተካክል ኳንታይዝ ያለው ፔዳል ይገዛና ያበቃል ባይ ነው። 6ኛው በለዘብተኛ ቃል ወጥመዱን አሳየው። ፔዳሉ የሚያስተካክለው የራሱ ሪትም በተቆጠረበት ስልት ነው። በ4/4 (በአራት በሚቆጠር ምት) ተስተካክሎ የተቀመጠ ፔዳል ላይ ችክችካ ከተመታ፣ መሣሪያው ሦስቱን ሦስቱን ወደ አራት አራት ሊጎትተው ይሞክራል፤ ሉፑ አንዴ ያጥራል አንዴ ይረዝማል። ከመቅዳት በፊት በስድስት ወደሚቆጠረው 6/8 መቀየር አለበት፤ ከተቀዳ በኋላ መቀየር አይቻልም፣ ሉፑን አጥፍቶ እንደገና መጀመር ነው። ዲቶና አርሲ-1 ግን የራሳቸው ሪትም ስለሌላቸው ይህ ክርክር እነሱን አይመለከትም፤ እዚያ እግር ብቻ ነው ያለው።

7ኛው አጭር ነው፣ ወርቅ ነው። የክራር ክር ከተመታ በኋላ ይጮኻል፤ ሉፑ ሲዘጋ ያ ጩኸት በመሀል ይቆረጥና ጠቅ የሚል ድምፅ ይተዋል። በብዙዎቹ የቦስ ፔዳሎች ላይ የርግጫውን ቅደም ተከተል መቀየር ይቻላል፤ ከመቅዳት ቀጥታ ወደ መደረብ (በተቀዳው ላይ ሌላ መጨመር)፣ ከዚያ ወደ ማጫወት እንዲሄድ ማድረግ። በዚህ መንገድ የመጨረሻው ምት ጭራ በዙሩ መጀመሪያ ላይ ይደረባል፣ ቁርጥ አይሰማም። አንዴ እጅን ክሮቹ ላይ አሳርፎ ጭራውን ካስገቡ በኋላ ሌላ ርግጫ ነው። ግዢውን የሚያስብ ሰው ይህን ማስተካከያ ቢጠይቅ ከትራክ ብዛት ይሻለዋል።

ወደ ማያያዣው ሲመጣ ነገሩ ሞቀ። 8ኛው ድምፅንና ክራርን አንድ ላይ ሉፕ ለማድረግ የሚክሰሩን ኦክስ ሴንድ (ከየቻናሉ የተፈለገውን ያህል ድምፅ ወደ ውጭ ዕቃ የሚልክ መውጫ) ወደ ፔዳሉ መግቢያ፣ የፔዳሉን መውጫ ደግሞ ወደ ሌላ ባዶ ቻናል መመለስ በቂ ነው አለ። 9ኛው በአፋን ኦሮሞ ገብቶ ስለ ክራሩ ጠየቀ፦ ፒዬዞውን ሚክሰር ላይ ሲሰካው ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ቀጥኖ የሚወጣው ለምን እንደሆነ። 10ኛው መጀመሪያ በዚያው በአፋን ኦሮሞ መለሰለት፣ ቀጥሎ ለሌላው አንባቢ በአማርኛ ደገመው። አንድ ተራ የፒዬዞ ዲስክ ወደ 20 ናኖፋራድ የሚሆን ካፓሲተር ነው። የመግቢያው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ 10 ኪሎኦም በሆነ የሚክሰር ላይን ቻናል ላይ ሲሰካ ከ800 ኸርዝ ገደማ በታች ያለው ድምፅ እየወደቀ ይሄዳል፤ የክራሩ ወፍራም ክሮች የሉም ማለት ነው። 1 ሜጋኦም መግቢያ ባለው የጊታር ፔዳል ወይም ፕሪአምፕ (ሲግናሉን ቀድሞ የሚያጎላ ዕቃ) ውስጥ ቢያልፍ መቁረጫው ወደ 8 ኸርዝ ይወርዳል፣ ከዚያ በታች የሚሰማ ጆሮ የለም። ስለዚህ ክራሩ መጀመሪያ ከፍ ያለ መግቢያ ያለው ነገር ውስጥ ይግባ፣ ከዚያ ወደ ሚክሰሩ ይሂድ። ማስተካከያውን በትሬብል ማዞሪያ የሚፈልግ ሰው ሌሊቱን ይፈልገዋል፤ ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ 10ኛው እንዲህ አልተናገረም።

11ኛው 8ኛውን በቁጣ ሳይሆን በጥንቃቄ አረመው። የተመለሰው የሉፐር ቻናል ላይ ያለው የኦክስ ማዞሪያ ሙሉ በሙሉ ዜሮ ካልሆነ፣ የሉፐሩ ድምፅ ተመልሶ ወደ ሉፐሩ ይገባል፤ ውጤቱ እየጨመረ የሚሄድ ጩኸት ነው። የሚክሰር መስመር ከጊታር መስመር የበረታ ስለሆነ የኦክስ ማስተሩ ከዝቅተኛው ተነስቶ ቀስ በቀስ ይወጣል። ሦስተኛ ነገር አለ፤ ፔዳሉ ቀጥታውን ድምፅም አብሮ ስለሚያሳልፍ ዘፋኙ ሁለት ጊዜ ይሰማል፣ አንዴ በራሱ ቻናል አንዴ በሉፐሩ። በድምፅ ከፍታ ከመሳሳት በላይ፣ ፔዳሉ ሚሊሰከንዶች ካዘገየው ድምፁ ቧንቧ ውስጥ እንደሚናገር ሰው ይሆናል። ቀጥታውን የሚያጠፋ ማስተካከያ ያለው ፔዳል ይህን ይፈታል። በዚያው መልስ ላይ ስለ ሞኒተር (ተጫዋቹ ራሱን የሚሰማበት ስፒከር) አከለ፦ ማይኩ ከስፒከሩ የሚወጣውን ሉፕ ደግሞ ከቀዳው እያንዳንዱ ድርብ ቀዳሚዎቹን አብሮ ይደርባል፣ ከሦስት አራት ድርብ በኋላ ጭቃ ነው። ኤስኤም 58 ከጀርባው በኩል አይሰማም ለማለት ይቻላል፤ ሞኒተሩ ቀጥ ብሎ ከማይኩ ጀርባ ይቀመጥ። ሽሽታም ይደመራል፤ ድርቡ እጥፍ በሆነ ቁጥር 3 ዴሲቤል ገደማ ስለሚጨምር ስምንት ድርብ ማለት 9 ዴሲቤል ሽሽታ ነው።

እዚህ ላይ 12ኛው ገባ። ከበሮ መቺ መሆኑን ከአነጋገሩ መረዳት አያስቸግርም። ሉፐር የሰው እንጀራ የሚነጥቅ መጫወቻ መሆኑን፣ የሠርግ ቤት ሰው የሚነሳው ምቱ እየጨመረ ሲሄድ እንደሆነና ይህ ሣጥን በገባበት ፍጥነት ደርቆ እንደሚቀር በመረረ ቃል ጻፈ። 13ኛው እሳት ላይ ቤንዚን ጨመረ፤ ከበሮ መቺዎች ሰዓት ቢያከብሩ ኖሮ ማንም ሣጥን አይገዛም ነበር የሚል ይዘት ያለው መልስ ነው፣ አወያዩ ግማሹን አጥፍቶበታል። እኔ ግን 12ኛው በንዴቱ ውስጥ ከሁሉም የጠለቀ ነገር ተናግሯል እላለሁ። አገርኛው ጨዋታ ይፋጠናል፤ እስክስታው ሲግል ምቱም ይግላል። ተራ ሉፐር አይፋጠንም። ፍጥነት የሚቀይሩትም ቢሆኑ የተቀዳውን ድምፅ ስለሚዘረጉት ወይም ስለሚጨምቁት የክራሩ ግርፍ ብዙ ሲገፋ ይቦረቡራል።

14ኛው ጠቡን በሂሳብ አበረደው። በአንድ ደቂቃ 100 ዋና ምት በሚሄድ ችክችካ አንዱ ዋና ምት 0.6 ሰከንድ ነው፤ ሜዠሩ 1.2፣ አራት ሜዠር 4.8 ሰከንድ። ሁለተኛው ርግጫ 30 ሚሊሰከንድ ብቻ ቢዘገይ ሉፑ 4.83 ይሆናል። ብቻውን ለሚጫወት ሰው ይህ ትንሽ መንተፋተፍ ነው፣ ጆሮ ይለምደዋል። አጠገቡ ከበሮ መቺ የራሱን ሰዓት ይዞ ከሄደ ግን በአሥረኛው ዙር ልዩነቱ 300 ሚሊሰከንድ ነው፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ግማሽ ምት ተለያዩ ማለት ነው። ስለዚህ ሉፐርና ከበሮ አብረው ከሆኑ ከበሮው ሉፐሩን ይከተላል፤ ለዚህም ከበሮ መቺው ሉፑን ጆሮው ውስጥ በደንብ መስማት አለበት። ሌላው መንገድ ሚዲ ክሎክ ነው፤ አርሲ-5 ይቀበላል፣ ዲቶና አርሲ-1 አይቀበሉም። ከዚህ በኋላ 12ኛው አልተመለሰም፤ ተስማምቶ ይሁን ተቀይሞ አይታወቅም።

15ኛው ወደ ቅኝት ወሰደው። የኛ ቅኝቶች ባለ አምስት ድምፅ ስለሆኑ ምንም ቢደረብ እንደማይጋጭ፣ ሉፐር ለኢትዮጵያ ሙዚቃ የተሠራ እንደሚመስል ጻፈ፤ ብዙ ሰው ወደደለት። 16ኛው ግን አላለፈውም። የትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ እዚያ ውስጥ እውነትም ግማሽ ድምፅ የለም። አምባሰል ግን ዶና ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ) አለው፣ ሶልና ላ ፍላትም አለው፤ ሁለቱ ጎረቤታሞች ሉፕ ውስጥ ተደርበው ሲጮኹ ጥርስ ያፏጫሉ። አንቺ ሆዬ ደግሞ ሶሉ ራሱ ዝቅ ያለ ነው። የ16ኛው ምክር ለመሠረቱ ድርብ ዶና ሶል ብቻ መምታት ነው፤ ያ መሠረት የትዝታን ሜጀርም ማይነርም፣ ባቲንም አምባሰልንም ይሸከማል፣ አንቺ ሆዬን ግን አይሸከምም። ሦስተኛውን ድምፅ፣ ሚን ወይም ሚ ፍላትን፣ መሠረቱ ላይ የቀዳ ሰው በዚያ ዘፈን ውስጥ ከሜጀር ወደ ማይነር መሻገሪያ የለውም። እዚህ ላይ አንድ ያልተባለ ነገር አለ። ክራሩ ለአንድ ቅኝት ተቃኝቶ ስለሚቀመጥ፣ በሉፑ ላይ ቅኝት ቀይሮ መጫወት የሚችለው ድምፅ ወይም ማሲንቆ እንጂ ክራሩ ራሱ አይደለም። ያለ ምት የሚፈሰው የትዝታ መግቢያም ለሉፐር አይሆንም፤ ሳይረግጡ አሳልፎ ምቱ ሲገባ መጀመር ነው።

17ኛው ስለ ዝናቡ አነሳ። ክረምት ላይ የጅማ አየር ሲረጥብ የማሲንቆው ቆዳ ይላላል፣ ድምፁም ይወርዳል። የተቀዳው ሉፕ ግን ባለበት ነው። ሉፑ 222 ኸርዝ፣ ማሲንቆው 220 ላይ ከሆነ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ድምፁ ሲያብጥና ሲሟሽሽ ይሰማል። ከእያንዳንዱ ዘፈን በፊት በስልክ መቃኛ አስተካክሎ አዲስ ሉፕ መቅዳት እንጂ የትናንቱን ማውጣት አይገባም። 18ኛው ፔዳሉም እርጥበት እንደማይወድ፣ የጃኩ መግቢያ ሲዝግ መንኳኳት እንደሚጀምር ጨምሮ፣ ዕቃው ጥሬ ቡና ያለበት ጆንያ አጠገብ ቢቀመጥ እርጥበቱን ቡናው ይጠጣለታል ብሎ ቀለደ። ከዚያ ክሩ ለተወሰነ ጊዜ ስለ ቡና ዋጋ ሆነ፤ ያንን ልለፈው።

19ኛው ሉፐር ትናንት የመጣ አይደለም ብሎ ታሪክ ከፈተ። በ1970ዎቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሙዚቀኞቹ ሮበርት ፍሪፕና ብራያን ኢኖ በሁለት የሬቮክስ ቴፕ መቅረጫ መካከል አንድ የቴፕ ክር ዘርግተው ይሠሩ ነበር፤ አንደኛው ይቀዳል፣ ሁለተኛው ያጫውትና ወደ አንደኛው ይመልሳል። በሰከንድ 19 ሳንቲሜትር በሚሄድ ክር የ1.9 ሜትር ርቀት 10 ሰከንድ ሉፕ ይሰጣል። ቦስ አርሲ-20 የተባለውን ሉፐር ያወጣው በፈረንጆቹ 2001 ነው። ጠያቂውን ምንም አይጠቅመውም፣ ግን ደስ ይላል።

20ኛው ወደ መብራቱ መለሰን። ፔዳሉ 9 ቮልት ስለሚፈልግ፣ መብራት ሲሄድ ለዋይፋይ ራውተር የሚሸጠውን ከፓወር ባንክ 5 ቮልት ወደ 9 የሚያሳድግ ገመድ ሰክቶ መቀጠል ይቻላል አለ። 10,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት የሆነ ባንክ በ3.7 ቮልት 37 ዋት-ሰዓት ነው፤ ብክነቱ ሲቀነስ 30 ያህል ይቀራል፤ 170 ሚሊአምፒር የሚወስድ ፔዳል 1.5 ዋት ገደማ ስለሚበላ ሌሊቱን ሁሉ ይቆያል። ሂሳቡ ልክ ነው። 21ኛው ግን በጣም ተቆጣ፤ እንዲህ ያለ ምክር ፔዳል ያቃጥላል ብሎ 20ኛውን በሰው ገንዘብ አትቀልድ እስከማለት ደረሰ። አነጋገሩ ከበደ እንጂ ነገሩ እውነት ነው። የራውተር ገመድ ብዙውን ጊዜ መሀሉ ፖዘቲቭ ነው፣ የቦስና የዲቶ ግን መሀሉ ኔጌቲቭ መሆን አለበት። ሶኬቱ በመጠን ልክክ ብሎ ስለሚገባ ማንም አይጠራጠርም። 12 ቮልት የሚሰጠው ገመድ ደግሞ መልኩ ከ9ኙ አይለይም።

22ኛው ሁለቱንም አስታርቆ መለኪያውን አሳየ። መልቲሜትሩ 20 ቮልት ዲሲ ላይ ይደረግ፤ ቀዩ ጫፍ በሶኬቱ ቀዳዳ ውስጥ፣ ጥቁሩ በውጭኛው ብረት ላይ። ከ9 ፊት የመቀነስ ምልክት ከታየ ለፔዳሉ ትክክል ነው፤ ምልክት የሌለው 9 ከታየ ፔዳሉ ላይ አይሰካ። ርካሽ ቀጥታ አዳፕተሮች ያለ ጭነት ሲለኩ 13ና 14 ቮልት የሚያሳዩም አሉ፤ እነሱም አይሰኩ። ሚክሰሩና ስፒከሩስ? እነሱም ከመብራቱ ጋር ስለሚሄዱ ባለ ባትሪ ስፒከር ያስፈልጋል፣ ግን በብሉቱዝ አይደለም፤ ብሉቱዝ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ሊያዘገይ ስለሚችል በሉፑ ላይ መጫወት አይቻልም። በጃክ ገመድ ይያያዝ።

23ኛው ጠያቂው ራሱ ነው። አርሲ-1 ሊገዛ እንደወሰነ፣ ድምፁን ለጊዜው ከሉፑ ውጪ ትቶ ክራሩን ብቻ በፔዳሉ በኩል ወደ ሚክሰሩ እንደሚያስገባ ነገራቸው፣ 4ኛውንና 10ኛውን ለየት አድርጎ አመሰገነ። የቀረው ጥያቄ የራውተሩን ገመድ ዋልታ እንዴት እንደሚገለብጥ ነበር። 24ኛው ገመዱን ከሶኬቱ አንድ ጣት ያህል ርቆ መቁረጥ፣ ሁለቱን ሽቦ ልጦ አቀያይሮ ማጣመር፣ በሶልደር መበየድ፣ እያንዳንዱን ለብቻው በኢንሱሌሽን ቴፕ ጠቅልሎ ከዚያ አንድ ላይ መጠቅለል እንዳለበት ጻፈለት። ፔዳሉ ላይ ከመሰካቱ በፊት እንደ 22ኛው አድርጎ እንደገና ይለካ፤ በራውተሩ ላይ ደግሞ ያን ገመድ ማንም እንዳይሰካው ቀይ ቴፕ ይለጥፍበት።